መኪና እንግዳ በሆነበት ከተማ

ኡትሬክት፣ ማክሰኞ

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ገና አልነጋም። ጥቅምት ነው፤ አገር ቤት ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት፣ ፀሐይዋ ግን ቶሎ ወጥታ የምትክስበት ወር። እዚህ ሆላንድ ካፊያና ጭጋግ ነው። የአክስቴ ልጅ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ታች ያለውን መንገድ አያለሁ። መብራት ይተማል፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። መጀመሪያ መኪና መስሎኝ ነበር፤ ድምፅ ግን የለውም። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሁሉም ብስክሌት ሆኖ አገኘሁት። ሙሉ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ አለ። ከፊት በተገጠመ የእንጨት ሣጥን ሁለት ሕፃናት የጫነች እናት አለች። ሦስት ተማሪዎች ጎን ለጎን ሆነው እያወሩ ይነዳሉ። ሰባ ዓመት የሚያልፋቸው አሮጊት ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ያልፋሉ። ሄልሜት ያደረገ አላየሁም። የስፖርት ልብስ የለበሰም አላየሁም። ሁሉም ለሥራና ለትምህርት ቤት የሚለበሰውን ለብሶ ነው የወጣው።

የአክስቴ ልጅ ጫማዋን እያሰረች፣ «ጋሼ፣ ቁርስህን ቶሎ ብላና እንውጣ» አለችኝ። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ናት። ቤቷ ላይድሸ ራይን በሚባለው አዲስ ሰፈር፣ ሥራዋ መሀል ከተማ ነው።

«መኪናችሁስ?» አልኳት፤ ማታ ደጃፉ ላይ ቆማ አይቻታለሁና።

«እሷ ለቅዳሜ ናት። ለአስቤዛና ለሩቅ መንገድ። ለሥራማ ማን መኪና ያወጣል!»

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ «ለሥራ ማን መኪና ያወጣል»። ይህን የምትለኝ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚህ የመጣች አበሻ ናት። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ጧት ጧት መኪና አስነሣለሁ። አማራጭ አለው ብዬ ያሰብኩበት ቀን የለም።

የባለቤቷን ብስክሌት ሰጠችኝ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ዝገት የጀመረው፣ መሪው ወደ ነጂው የታጠፈ፣ የእጅ ፍሬን የሌለው። ለማቆም ፔዳሉን ወደ ኋላ መርገጥ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ኮርቻ ላይ ወጣሁ። እግሬ ረስቶ አልጠበቀኝም፤ ከሁለተኛው መብራት በፊት የድሮውን ሚዛኔን አገኘሁት።

የሚገርመው ድልድዩ ነው። ከእነርሱ ሰፈር ወደ ከተማ ለመግባት የአምስተርዳም ራይን ቦይን መሻገር ግድ ይላል፤ ትላልቅ የጭነት ጀልባዎች የሚመላለሱበት ሰፊ ቦይ ነው። በላዩ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተሠራ ድልድይ አለ፤ መኪና ዝር አይልበትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ተከፈተ። የተሰየመው በከተማዋ ልጅ በሯጭ ዳፍነ ስኺፐርስ ነው፤ በ200 ሜትር ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው። እኛም ለኃይሌ ጎዳና ሰይመንለት የለ! ድልድዩ ወደ ከተማው በኩል ሲወርድ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ከታች ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ፣ ከላይ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። ቦታ ጠቦ ነበር፤ ቦታ ሲጠብ ብስክሌቱ ይቅር አላሉም።

ድልድዩ አናት ላይ ነፋሱ ከፊት ለፊት መታኝ። አገሩ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፤ ተራራ የሚባል ነገር የለም። «የእኛ ዳገት ነፋሱ ነው» አለችኝ የአክስቴ ልጅ ወደ ኋላ ዞራ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እየረገጠ ያልፋል።

ባሕር ዳር፣ በሐሳብ

ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከተማችንም ለጥ ያለች ናት፤ በጣና ዳር፣ ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና ላይ ብስክሌት ያለ ድካም የሚፈስባት። ፈረቃ ሲቀየር ከፋብሪካው በር የሚወጣው ብስክሌት መንገዱን ይሞላው ነበር። ልጆች ሆነን ያንን ለማየት እንወጣ ነበር። አባቴ የሱሪውን እግር ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ምሳ ዕቃውን የኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ አስሮ ሲመጣ ከሩቅ እለየዋለሁ። የፊት ፓራፋንጎው ጠምሞ ስለነበር ጎማውን እየነካ ችር ችር ይላል። አግዳሚው ብረት ላይ ያስቀምጠኝና ካቴናው እግሬን እንዳይበላው «እግርህን ሰብስብ» ይለኛል። ፓራፋንጎና ካቴና የጣልያን ቃል መሆናቸውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለእኔ የአባቴ ቃላት ነበሩ።

ያን ጊዜ በብስክሌት መሄድ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። መምህሩም፣ የፋብሪካው ሠራተኛም፣ የፔዳጎጂና የፖሊቴክኒክ ተማሪውም ይነዳ ነበር። የሌለው በሰዓት ይከራያል። እኔም ፍራንክ አጠራቅሜ ተከራይቼ ነው የተማርኩት። ከዚያ ባጃጁ መጣ፣ መኪናው መጣ፣ መንገዱ ፈጣን ሆነ። ብስክሌት ዛሬም ባሕር ዳር ላይ አለ፤ ግን መሀሉን ለቅቆ ጠርዝ ይዟል። በልጅነቴ የመንገዱ ባለቤት የነበረው ሰው አሁን በጥሩንባ የሚባረር ሆኗል። ይህን ለማድረግ ማንም ዐዋጅ አላወጣም። ለብስክሌቱ ተብሎ የተከለለ ቦታ ስላልነበረ፣ ጉልበት ያለው ሲመጣ ጉልበት የሌለው ሸሸ።

ረቡዕ፣ ባቡር ጣቢያ

የአክስቴ ልጅ ሥራዋ ስትገባ እኔ ከተማውን ብቻዬን ዞርኩ። ቀይ አስፋልት የተነጠፈበት መንገድ ውስጥ ገባሁ፤ መግቢያው ላይ ምልክት አለ። የአንድ ብስክሌተኛ ሥዕል ከፊት፣ መኪና ከኋላ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «መኪና እንግዳ ነው» ይላል። እውነትም መኪና ይገባል፤ ነገር ግን ከብስክሌቱ ኋላ ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ ጥሩንባ ሳያሰማ ነው የሚሄደው። አንዲት ትንሽ ልጅ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከአባቷ ጎን እየነዳች መሀል መንገዱን ይዛለች። ከኋላዋ ያለው ቫን ለሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል በእርሷ ፍጥነት ተከተላት። በሰው ቤት የገባ እንግዳ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ወንበር አይሻማም፤ እኛም የምናውቀው ሥርዓት ነው። ከተማው ይህን ሥርዓት ከሰው ወደ መኪና አዛውሮታል።

ከባቡር ጣቢያው ሥር ያለውን የብስክሌት ማቆሚያ ያላየ ሰው ስለ ኡትሬክት አላወራም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በዓለም ትልቁ ተብሎለታል፤ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። ሦስት ፎቅ ነው። ከኮርቻ ሳይወርዱ እየነዱ ነው የሚገቡት። በየረድፉ ጫፍ ላይ የሚበራ ቁጥር አለ፤ ስንት ባዶ ቦታ እንደቀረ ይናገራል። ማስቀመጫው ሁለት ደርብ ነው። የላይኛው ብረት ተስቦ ይወርዳል፣ ብስክሌቱን ጭነው ወደ ላይ ሲገፉት ተመልሶ ቦታው ይገባል። የመጀመሪያው 24 ሰዓት በነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ይከፍላል። ጎማ የፈነዳበት የሚያሠራበት ጥገና ቤት እዚያው አለ። ደረጃ ወጥቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ባቡሩ ላይ ነው።

አንድ ጥግ ላይ ቆሜ ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚገባውንና የሚወጣውን አየሁ። ብርሃኑ ደማቅ ነው፣ ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ዘበኞቹ ሰላምታ ይሰጣሉ። እኛ አገር እንዲህ ያለ አቀባበል ያለው ለማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ለባለ መኪና ነው። ሕንፃ ስንሠራ ምድር ቤቱን ለመኪና እንቆፍራለን። ሰው የሚከበረው በቃል ብቻ አይደለም፤ የት አስገቡት፣ የት አስቀመጡት በሚለው ጭምር ነው። እዚህ ያለችው የሱቅ ሠራተኛ ብስክሌቷን ስታቆም ከተማው «እንኳን ደህና መጣሽ» ይላታል። እንዲህ የሚባል ሰው በብስክሌቱ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሐሙስ፣ ቦይ ዳር

የአክስቴ ልጅ ጎረቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ካታራይነሲንግል የሚባለውን ቦይ ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ሄዱ። ዛፎች በተተከሉበት ዳር ላይ ተቀመጥን። ዳክዬዎች ይዋኛሉ፣ አንድ ሰው በትንሽ ጀልባ ያልፋል።

«እዚህ የተቀመጥንበት ፊት ለፊት አውራ ጎዳና ነበር» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ ያለውን ቦይ ከፊሉን ደፍነው ለመኪና ፈጣን መንገድ ሠሩበት። ያን ጊዜ ዘመናዊነት ይህ ነበር። ብስክሌት የድሃና የሽማግሌ ነገር ሆኖ እየጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞቱ፤ ከ400 በላዩ ሕፃናት ነበሩ። ልጁ የሞተችበት አንድ ጋዜጠኛ በቀጣዩ ዓመት «የልጆች ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ስም የወላጆች እንቅስቃሴ ተነሣ። እናቶችና አባቶች ከነልጆቻቸው መንገድ ላይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 መኸር ደግሞ የነዳጅ ቀውሱ መጣ። መንግሥት ከኖቬምበር 4 ጀምሮ ለተወሰኑ እሑዶች መኪና መንዳት ከለከለ። መምህርቷ ያኔ ወጣት ነበሩ። በባዶው አውራ ጎዳና መሀል ከእኅታቸው ጋር በብስክሌት እየሄዱ ወፍ እንደሰሙ ነገሩኝ።

«ከተማዬ ድምፅ እንዳላት ያወቅኩት ያን ቀን ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጀምበር የሆነ ነገር የለም። በየከተማው ለብስክሌት የተለየ መንገድ መሥራት ተጀመረ፣ ሰው ሲጠቀምበት ሌላ ተጨመረ፣ ምክር ቤት ውስጥ ተጨቃጨቁበት፣ ነጋዴው ገበያዬ ሞተ ብሎ ጮኸ። የደፈኑትን ቦይ ውኃውን መልሰው ያገናኙት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ይህን ረዘም አድርጌ የጻፍኩት በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ላይ ስለ ብስክሌት ባወራሁ ቁጥር የምሰማው መልስ «እነሱ ባህላቸው ነው» የሚል ነው፤ ልክ ከማኅፀን በብስክሌት የወጡ ይመስል። ባህላቸው እጃቸው ላይ ሊሞት ነበር። ያዳኑት መንገድ በመሥራት ነው። ሰው ልጁን ያለ ፍርሃት የሚልክበት መንገድ ሲያገኝ ላከ። ጎረቤቱ ሲያይ እርሱም ላከ። ከአንድ ትውልድ በኋላ «ለሥራ ማን መኪና ያወጣል» የሚል ሰው ተፈጠረ።

መኪና የሚጠሉም እንዳይመስላችሁ። ወደ 18 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት አገር 9 ሚሊዮን ያህል መኪና አለ። ብስክሌቱ ደግሞ ከሰው ቁጥር ይበልጣል፤ 23 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል። አንዱ ሰው ሁለቱም አሉት። ልዩነቱ ጧት ከቤት ሲወጣ «ዛሬ የምሄድበት ለየትኛው ይመቻል» ብሎ መጠየቁ ነው። ለአጭሩ ብስክሌት፣ ለረጅሙ ባቡር ወይም መኪና። በአገሩ ከሚደረገው ጉዞ ሁሉ ሩብ ያህሉ በብስክሌት ነው።

ሕጉም አግዟል። መኪና ብስክሌተኛን ወይም እግረኛን ቢገጭ በመሠረቱ ለጉዳቱ የሚጠየቀው ባለ መኪናው ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር መኖሩን ካላስረዳ በቀር። ብረት የያዘው ለሥጋ ይጠንቀቅ ማለት ነው። ልጆች አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው በትምህርት ቤታቸው በኩል የመንገድ ፈተና ይወስዳሉ፤ ብዙዎቹም ከተማው ውስጥ በብስክሌት እየነዱ ይፈተናሉ።

ቅዳሜ፣ ቡና ላይ

የአክስቴ ልጅ ቡና አፈላች። ሰባት ስምንት አበሾች ተሰብስበን ነበር፤ ዕጣኑ ጭሶ፣ ፈንዲሻው ተበትኖ። እኔ ስለ ብስክሌት ጥያቄ ማንሣቴ ቤቱን ሞቅ አደረገው።

አንዲት አርባ ዓመት ያለፋት እናት እዚህ ከመጣች በኋላ ነው የተማረችው። ለስደተኛ ሴቶች በነጻ የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ሰው በሌለበት የመኪና ማቆሚያ ላይ በሁለት ወር አስለመዷት። «አገሬ እያለሁ ወንድሞቼ ሲነዱ አያለሁ፤ እኔ ስጠይቅ ‹ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ትበላሻለች› ይሉኛል» አለች። «የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን አንድ መንገድ ስጨርስ አለቀስኩ። አሁን ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በእሱ ነው። ነጠላዬን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ደጁ ላይ እለብሳለሁ።» ስትናገር እጇ ሳታውቀው መሪ እንደያዘ ሰው ይጨብጥ ነበር።

ከእርሷ ማዶ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ ኖረዋል፤ አንድም ቀን አልነዱም።

ወጣቶቹ ያሾፉባቸዋል። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንኳ በሳይክል ነበር የሚሄደው» አላቸው። ማርክ ሩተን ማለቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2024 አገሩን የመራው። ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት በብስክሌት ሄዶ ደጃፉ ላይ ሲቆልፈው የተነሣው ፎቶ እኛም አገር ደርሷል።

ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እሱ ሩተ ነው። በእግሩ ቢሄድ፣ በአህያ ቢሄድ ሩተ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። እኔን እዚህ ማን ያውቀኛል? አገሬ እያለሁ የመምሪያ ኃላፊ ነበርኩ። እዚህ መጥቼ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ጠረግኩ። የመጀመሪያዋን መኪናዬን ስገዛ ለእኔ መኪና አልነበረችም፤ ምስክሬ ነበረች። ሠርቶ ያገኘ ሰው ነኝ የምትልልኝ።»

ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ያሾፈባቸው የለም።

ይህን ቃል ይዤ ነው የተመለስኩት። ስለ ብስክሌት ስንናገር ይህንን የማይሰማ ሰው ትርፉ ስብከት ብቻ ነው። በብዙዎቻችን ዘንድ መኪና መጓጓዣ ከመሆኑ በፊት ምስክር ነው። ዘመድ ሲያየን፣ ሠርግ ቤት ስንደርስ፣ ቢሮ ደጃፍ ስንቆም ስለ እኛ ይናገርልናል። ሰው ምስክሩን ጥሎ እንዲወጣ የሚጠየቀው ያለ ምስክርም የሚከበርበት ቦታ ሲኖር ነው። ሩተ ያ ቦታ ነበረው። ሽማግሌው አልነበራቸውም። አባቴስ? በዚያ ፓራፋንጎው በጠመመ ብስክሌት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ብድግ ይልለት ነበር። እርሱም ነበረው።

አዲስ አበባ፣ ከወር በኋላ

መርካቶ ሄጄ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ማርሽ ያለው፣ ከሆላንዱ ቀለል ያለ። ቤቴ መገናኛ አካባቢ፣ ሥራዬ ቦሌ ነው። በኮሪደር ልማቱ በዚህ መስመር የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ልማቱ ቤታቸውን ስላሳጣቸው ሰዎች የሚባለው ብዙ ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። መንገዱ ግን አለ፤ ከአስፋልቱ ተለይቶ፣ ከእግረኛው ጎን።

በመኪና አርባ ደቂቃ የሚፈጅብኝን ጧት በአሥራ ሰባት ደቂቃ ጨረስኩት። አየሩ ስስ ነው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ ወደ ፒያሳ ቢሆን ደግሞ ከዚያም ሽቅብ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላብ አጠመቀኝ። በሁለተኛው ሳንባዬ ለመደው። በሞተር የሚታገዝ ብስክሌት ያለው ሰው ዳገቱን እስከነጭራሹ አይሰማውም። ከሩቁ ኮዬ ፈጬ ለሚመላለስ ሰው ግን «ብስክሌት ንዳ» የምል ሰው አይደለሁም፤ እርሱ የሚያስፈልገው አውቶቡስና ባቡር ነው። የምናገረው እንደ እኔ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ብቻውን መኪና ውስጥ ለሚቀመጠው ነው።

የብስክሌቱ መንገድ ጧት ጧት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እሑድ ልጆችና ወጣቶች ይሞሉታል፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገዶች ለመኪና የሚዘጉበት «መንገድ ለሰው» የሚባለው ቀንም ሰዉን አለማምዶታል። የእሑዱ ሰው ሰኞ የት ይሄዳል? መልሱን ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች አገኘሁት።

«መኪናህ ተበላሸች እንዴ?»

«ሸጥካት?»

«ነዳጅ ተወዶብህ ነው?»

አለቃዬ ደግሞ፣ «ሐኪም አዞህ ነው፣ አይደል?» አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነው። አሥር ቀን ሙሉ ያዳመጥኩት ይህንን ነው። ብስክሌት በሁለት ምክንያት ይፈቀዳል፤ አንድም አጥተህ፣ አንድም ታመህ። ጤነኛ ሆኖ፣ መኪና እያለው፣ በቶሎ ስለሚደርስ ብቻ የሚነዳ ሰው ገና ስም አልወጣለትም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ብዙዎች ችግሩ ተፈታ ብለው ነበር። ጭሱ ይቀንስ ይሆናል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ግን መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ መገናኛ ላይ ሰልፉ ያው ነው።

ከሁሉም የከበደኝ በሩ ነው። የምሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ አለው። በመኪና ስመጣ ዘበኛው ብረቱን አንሥቶ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ያስገባኛል። በብስክሌት ስመጣ ያው ሰው መንገዴን ዘጋ።

«ሳይክል አይገባም።»

«ለምን?»

«ትእዛዝ ነው ጋሼ። እዚያ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ እሰረው።»

አሰርኩት። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ቀን ማታ ፔዳሉን እያየ ቀረብ አለኝ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ቢሆን ነው። ቤቱ ከኮተቤ ማዶ ነው፤ ታክሲ ሲጠፋ፣ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን ለማትረፍ፣ በእግሩ ነው የሚመጣው። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሄድ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲመለስ።

«ይሄ ስንት ይገኛል?» አለኝ። ነገርኩት። በልቡ ሲያሰላ አየሁት። «ቢኖረኝ ጥሩ ነበር። ግን የት አስቀምጠዋለሁ?» አለና ወደ በሩ ተመለሰ።

የሚጠብቀው ምድር ቤት ስልሳ መኪና ይይዛል። እርሱ ቢገዛ የራሱን ብስክሌት ራሱ ሊያስገባው አይችልም።

ሕንፃ ያላችሁ፣ መሥሪያ ቤት የምትመሩ፣ ትምህርት ቤት የከፈታችሁ፤ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። መንገዱን ከተማው እየሠራው ነው፤ የቀረው በራችሁ ነው። አንድ መኪና በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስምንት ብስክሌት ይቆማል። እዚያ ላይ ሁለት ብረት አስበይዱና ለጥበቃ ሠራተኞቻችሁ ንገሯቸው፤ ከሰኞ ጀምሮ ሳይክል ይገባል።